ብሎንና ዳዶ ከየት ይገዛ? መኪና በእጃቸው ለሚሠሩ የአማራጮች ንጽጽር

መኪና ከባዶ ሻንሲ ተነስቶ የሚገጣጥም ሰው ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ለወራት ያወጣል ያወርዳል። ብሎን ትዝ የሚለው ሲጎድለው ነው። ያኔ ወደ ቅርቡ ሱቅ ይሮጥና ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ውፍረቱ ልክ ነው፣ ርዝመቱም ያስኬዳል፣ ይገባል። ምን ያህል ኃይል እንደሚችል ግን ሻጩም ገዢውም አላነሱትም።

ስለዚህ ንጽጽሩን ከሱቆቹ በፊት ከብሎኑ ሥራ ልጀምር። ይህ ብሎን መንገድ ላይ ቢበጠስ ምን ይመጣል? የመሪ፣ የፍሬን፣ የሰስፔንሽን፣ የጎማ ወይም የወንበር ቀበቶ ብሎን ከሆነ የሰው ሕይወት አለበት። የሞተር ወይም የካምቢዮ ከሆነ ኪስ ይጎዳል፣ መኪናውም ይቆማል። የፓራፋንጎ ወይም የመብራት ማሰሪያ ከሆነ ቢበዛ ሲንኳኳ ይሰማል። ሦስቱን ከአንድ ቦታ መግዛት ግዴታ አይደለም። ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚገዛ ሰው ወይ ለመብራት ማሰሪያ ያለ ልክ ይከፍላል፣ ወይ ፍሬኑን በርካሽ ብሎን ያስራል።

ራሱ ላይ ምን ተጽፏል?

የትም ግዙ የት፣ መጀመሪያ የብሎኑን ራስ ማንበብ ልመዱ። በሜትሪክ ብሎን ራስ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 የሚል ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብሎኑ የሚበጠስበትን ውጥረት በሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ ነው) ይሰጣል። ከነጥቡ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ተባዝተው እንደገና በ10 ሲባዙ ደግሞ ተለጥጦ ወደ ቦታው የማይመለስበት ልክ ይወጣል። በዚህ ስሌት 8.8 የሚለጠጠው በ640፣ የሚበጠሰው በ800 ነው። 10.9 በ900 እና በ1000፤ 12.9 በ1080 እና በ1200።

የኢንች ብሎን ቁጥር የለውም፤ ራሱ ላይ ያሉት ጭረቶች ይቆጠራሉ። ሦስት ጭረት ግሬድ 5 ነው፤ ጥንካሬው ለ8.8 ይቀርባል። ስድስት ጭረት ግሬድ 8 ነው፤ እሱ የሚቀርበው ለ10.9 ነው። ግሬድ 8 እና 8.8 በስም ስለሚመሳሰሉ ብቻ አንዱን በሌላው የሚተኩ ሰዎች አሉ። አንድ አይደሉም።

ከቁጥሩ አጠገብ የአምራቹ ምልክትም መኖር አለበት። ምልክት ሲባል ጌጥ አይደለም፤ ብሎኑ ችግር ቢያመጣ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። አሜሪካ ሐሰተኛ ምልክት ያላቸው ብሎኖች አስቸግረዋት እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ብሎን ጥራት ብቻ የሚደነግግ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች። ቁጥርም ምልክትም የሌለውን ብሎን እኔ እንደ 4.6 ነው የምቆጥረው፤ ማለትም የ8.8ን ግማሽ ጥንካሬ ያለው። ከዚያ በላይ ማመን ቁማር ነው።

የግንባታ ዕቃ መደብር ወይስ የብሎን ነጋዴ?

የግንባታ ዕቃ መደብር ትልቁ ጥቅሙ ቅርብ መሆኑ ነው። አንድም ሁለትም ፍሬ ይሸጥላችኋል፤ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ዳዶውን አዙራችሁ ትገዛላችሁ። ችግሩ ዕቃው የመጣው ለበር፣ ለአጥርና ለመደርደሪያ መሆኑ ነው። አብዛኛው ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ሳጥኖቹ ውስጥ የተለያየ ዕቃ ይደባለቃል። ደቃቅ ጥርስ ያለው፣ ማለትም ጥርሶቹ የተቀራረቡ ብሎን ማግኘትም ብርቅ ነው።

ከዚህ የባሰ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። እዚያ የምታገኙት ብሎን አብዛኛው ከጫፍ እስከ ራሱ ሙሉ ጥርስ ነው። የሰስፔንሽን ክንድ የሚይዝ ብሎን ግን በጎን የሚመጣውን ኃይል መሸከም ያለበት ለስላሳው ግንዱ ላይ ነው። ጥርሱ ላይ ከዋለ በሁለት በኩል ትጎዳላችሁ። ብሎኑ እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን ነው፤ በዚያ ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጥርሱ ሥር ነው። ቀዳዳውንም እንደ ሞረድ እየበላ ያሰፋዋል። ግማሽ ጥርስ ያለው ብሎን ስታዝዙ በዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 4014፣ ወይም በድሮው የጀርመን ደረጃ ስሙ ዲን 931 በሉ። ሙሉ ጥርሱ አይኤስኦ 4017 ወይም ዲን 933 ነው። የግንዱን ርዝመት ከምታስሩት ነገር ውፍረት ጋር ለክታችሁ ምረጡ፤ ግንዱ ከበለጠ ዳዶው ጥርስ ጨርሶ ይቆማል፣ የታሰረው ነገር ግን ልል ነው።

ብሎን ብቻ የሚሸጠው ነጋዴ ዘንድ እነዚህ ሁሉ አሉ። ደረጃው ተለይቶ ተቀምጧል፣ ርዝመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይገኛል፣ ደቃቅ ጥርስም አለ፣ ደህና ነጋዴ ከሆነ የአምራቹን የምስክር ወረቀት ስትጠይቁት አይከፋውም። የሚያስቸግረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንዳንዱ ከሙሉ ሳጥን በታች አይሸጥም። ሁለተኛ፣ ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ መሄድ አለባችሁ። «ለመኪና የሚሆን ወፍራም ብሎን» ብትሉት አያገለግላችሁም፤ «ኤም 10፣ ጥርሱ 1.25፣ ርዝመቱ 70፣ 10.9፣ ግማሽ ጥርስ» ብትሉት ግን ወዲያው ያወጣላችኋል፤ ኤም 10 ማለት ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ 1.25 ደግሞ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው። አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ሳጥን ሙሉ መግዛት ግድ ከሆነም የኤም 8 እና የኤም 10 ብሎን መኪና ሲሠራ የትም አይተርፍም።

የአምራቹ መለዋወጫ

በፍሬ ሲሰላ ውዱ ይህ ነው። ሆኖም የማይተኩበት ቦታ አለ። የዘመናዊ ሞተር የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎኖች ብዙዎቹ ሲጠብቁ ሆን ተብሎ እስከ መለጠጥ የሚደርሱ ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይታሰሩም። የጎማ ብሎንና ዳዶም በሌላ አይተኩም። የሚያርፍበት ቅርጽ ሾጣጣ፣ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ ከቸርኬው ጋር ካልገጠመ በትክክል የጠበቀ መስሎ ይላላል። እነዚህን በመለዋወጫ ቁጥራቸው ግዙ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትሞክሩ።

ደግሞ ትንሽ የምትመስል ግን የምታናድድ ጉዳይ አለች። የጃፓን መኪና ኤም 10 ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታል። የአይኤስኦው 16፣ የዲኑ 17 ቁልፍ ይፈልጋል። ጠባብ ቦታ ላይ የራሱ ስፋት ብቻ ብሎኑ እንዲገባ ወይም እንዳይገባ ያደርጋል።

ከአሮጌ መኪና የተፈታ

ይህን አማራጭ የሚንቁት አሉ፤ እኔ አልንቀውም። የመኪና ፋብሪካ የሚጠቀምበት ብሎን ብዙ ጊዜ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሮንዴላው ከራሱ ጋር የተሠራ፣ ጫፉም ቀዳዳውን በቀላሉ እንዲያገኝ የሾለ ነው። ለላሜራና ለማቀፊያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ድክመቱ ታሪኩ አለመታወቁ ነው። ማን አጥብቆት እንደነበር፣ መኪናው ተጋጭቶ እንደሆነ አታውቁም። አዲስ ዳዶ በእጃችሁ ብቻ ከጫፍ እስከ መጨረሻው አዙሩበት። መሃል ላይ ከያዘ ጥርሱ ተለጥጧል ወይም ተበልቷል፤ ጣሉት። ከአዲስ ብሎን ጋር አስጠግታችሁ ስታዩት ወገቡ የቀጠነም እንዲሁ። ፈተናውን ቢያልፍም ለፍሬንና ለመሪ አላስረውም።

የኢንተርኔት ስብስብ ሳጥን

ክዳኑ ሲከፈት ያምራል፤ በየክፍሉ የተደረደሩ ብሎኖች፣ ዳዶዎች፣ ሮንዴላዎች። ሥራ ሲጀመር ግን አጫጭሩና ቀጫጭኑ ይተርፋል፣ የምትፈልጉት ርዝመት ከሦስት ፍሬ በኋላ ያልቃል። ለኤሌክትሪክ መስመር ማቀፊያና ለዳሽቦርድ ግዙት። ራሱ ላይ 12.9 ተጽፎበት ሻጩ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥቁር ብሎን ግን ለሸክም አይሁን፤ ቁጥር ማተም ቀላል ነው።

ስቴንለስ፣ ዚንክ ወይስ ጥቁር?

ስቴንለስ ስለሚያብረቀርቅና ስለማይዝግ ጠንካራ ይመስላል። የተለመደው ኤ2-70 ግን በ450 ሜጋፓስካል መለጠጥ ይጀምራል፣ በ700 ይበጠሳል። ዚንክ ከተቀባው 8.8 ያንሳል ማለት ነው። የስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ በፍጥነት ሲጠብቅ ደግሞ ጥርስ ከጥርስ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ መጋዝ ነው መፍትሔው። ፀረ መጣበቅ ቅባት ቀቡት፣ ቀስ ብላችሁም አዙሩ። አሉሚኒየም ላይ ከገባና እርጥበት ካገኘ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ለአካልና ለጌጥ ይሁን፤ ለሰስፔንሽን አይሁን።

12.9 ደግሞ ከሁሉ ይበልጣልና ሁሉም ቦታ ልሰር የሚል ፈተና ያመጣል። ሲጠነክር መለጠጡ ይቀንሳል፤ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። በኤሌክትሪክ ዚንክ ከተቀባ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ ከቀናት በኋላ እንዲሰነጠቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ጥቁሩን እንዳለ ከተዋችሁት ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። የመኪናው አምራች 8.8 ካለ 8.8፣ 10.9 ካለ 10.9 እሰሩ። ዳዶውም ይመጥነው፤ ለ8.8 ብሎን 8 ቁጥር ዳዶ፣ ለ10.9 ደግሞ 10 ቁጥር።

እንዳይላላ

ናይለን ያለው ዳዶ ለአብዛኛው ቦታ በቂ ነው፤ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግን ናይለኑ አይችልም። በማርሚታና በጭስ መውጫው አካባቢ ሙሉ ብረት የሆነውን መቆለፊያ ዳዶ ግዙ። የተሰነጠቀችውን የስፕሪንግ ሮንዴላ ግን እርሷት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ገርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው ብሎን በዋናነት የሚላላው በጎን በሚመጣ ንቅናቄ ነው፤ ይህቺ ሮንዴላ ደግሞ ያንን አታስቆምም። በሚገባ የጠበቀ ብሎን፣ እንደ ሽብልቅ የምትሠራ ጥንድ ሮንዴላ ወይም መካከለኛ የጥርስ ማጣበቂያ ይሻላል።

ከማዘዛችሁ በፊት

የጥርስ መለኪያና ካሊፐር ይኑራችሁ። የ5/16 ኢንች ብሎን ኤም 8 ዳዶ ውስጥ ጥቂት ዙር ገብቶ ነው የሚይዘው፤ ልክ ነው ብሎ በቁልፍ የገፋ ሰው ጥርሱን ይልጠዋል። የወንበር ቀበቶ ማሰሪያም በሜትሪክ መኪና ላይ ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ የሆነው ደቃቁ ነው፤ ኤም 11 ወይም ኤም 12 አትሞክሩበት።

ትዕዛዙን መጀመሪያ ላይ አታውጡ። መኪናው ለሙከራ ሲገጣጠም ይፈታል፣ ይበየዳል፣ ይቀባል፣ እንደገና ይታሰራል፤ ርዝመቶቹም ይለዋወጣሉ። ለሙከራው ያገኛችሁትን ርካሽ ብሎን እሰሩና ራሱን ቀይ ቀለም ቀቡት። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ እያንዳንዱን ለክታችሁ ዝርዝሩን ጻፉ፣ ለሚጠፋው ጥቂት ጨምሩበት፣ ከነጋዴው በአንድ ጊዜ እዘዙ። ናይለን ያላቸውን ዳዶዎች ለመጨረሻው እሥራት አዲስ አድርጉ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ከሥር ገብታችሁ ቀይ ራስ ፈልጉ፤ ካገኛችሁ ያ ብሎን ገና አልተቀየረም።