«ወፍ እናክማለን» የሚሉ የድንገተኛ እንስሳት ክሊኒኮችን ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩና በቤታችሁ ወፍ፣ ጥንቸል፣ ኤሊ ወይም ሌላ ከውሻና ከድመት ውጪ የሆነ እንስሳ ለምታሳድጉ ወገኖች ነው። ባለፈው ቅዳሜ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኝ አንድ የድንገተኛ እንስሳት ክሊኒክ 613 ዶላር ተቀብሎን፣ የታመመች ወፋችንን ከሦስት ሰዓት በላይ ካስቀመጠ በኋላ ሳያክም መልሶልናል። ወፏ በማግስቱ ሞታለች። አቤቱታዬ በመታየት ላይ ስለሆነ የክሊኒኩን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመስታወት በሩ ላይ የውሻ፣ የድመት፣ የበቀቀንና የእንሽላሊት ሥዕል ይለጠፋል፤ ገና ስትገቡ የክሬዲት ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ በታብሌት ላይ የዋጋ ግምት ያስፈርሟችኋል፤ ከዚያ እንስሳው «ወደ ውስጥ» ይወሰድና እናንተ ወንበር ላይ ትቀራላችሁ።

ወርቄ ኮካቲየል ነበረች፤ ከአውስትራሊያ የተገኘ፣ ከበቀቀን ወገን የሆነ ትንሽ ወፍ ማለት ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ወፎችን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። አፓርትመንቱ ውሻ ይከለክላል፤ ባይከለክልም ውሻ ቤት ውስጥ ማሳደር ለብዙዎቻችን የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ ልጆቹ ደግሞ እንስሳ ይፈልጋሉ። ወርቄን የምትመግበው፣ ጎጆዋን የምታጸዳውና በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘነች ክብደቷን በደብተር የምትጽፈው ልጄ ናት። ጤነኛ ስትሆን 92 ግራም ትመዝን ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወርቄ ከመቆሚያ እንጨቷ ወርዳ፣ ላባዋን ነፍታ ከጎጆው ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘናት። በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ወፍ በዱር የሌሎች አዳኞች ሲሳይ ስለሆነች ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች፤ ሕመሙ ለሰው ዓይን ከታየ ጊዜው አጭር ነው። ይህን የነገረችን ዘወትር የምናሳያት ሐኪም ናት፤ እርሷ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አትሠራም። ስለዚህ በፊታችን ሁለት አማራጮች ነበሩ። አንደኛው ሜሪላንድ ውስጥ የሚገኝ፣ በሳምንቱ መጨረሻም የወፍ ሐኪም የማይጠፋበት፣ ከቤታችን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ሆስፒታል ነው፤ ሁለተኛው ይህ በቅርባችን ያለው ክሊኒክ ነው። ወደ ቅርቡ ደውዬ በግልጽ ቋንቋ ጠየቅሁ፦ «አሁን በዚህ ሰዓት ወፍ የሚያክም ሐኪም ተረኛ ነው?» የተሰጠኝ መልስም ግልጽ ነበር፦ «አዎ፣ ሐኪማችን ወፍ ታክማለች፤ አሁኑኑ ይዛችኋት ኑ።»

ሌላው ሁሉ ከዚህ መልስ የመጣ ነው። በዚያች ቅጽበት «አናክምም» ቢሉኝ ኖሮ መኪናዬን በቀጥታ ወደ ሜሪላንድ እነዳ ነበር።

ስንደርስ ወትሮ የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ከ640 እስከ 910 ዶላር የሚል ግምት ቀረበልን፤ በውስጡ የድንገተኛ ምርመራ፣ ራጅ፣ ኦክስጅን፣ መርፌና ማቆያ ተዘርዝረዋል፤ ዝቅተኛውን 640 ዶላር አስቀድሜ ከፈልሁ። ለረዳቱ ወርቄ ከዚህ ቀደም ዕንቁላል እንደጣለች፣ ሆዷ እንዳበጠና ዕንቁላል ተቀርቅሮባት ይሆናል ብዬ እንደምሰጋ ነገርሁት። የኮካቲየል ሴት እንደ ቤት ዶሮ ሁሉ ያለ ወንድ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዕንቁላሉ መውጣት ሲያቅተው ደግሞ ካልታከመች ትሞታለች። ረዳቱ ይህን ጻፈ ወይም አልጻፈም፤ አላውቅም። ቤት ውስጥ ጭስ እንዳለ ሲጠይቀኝም ሳልደብቅ መለስሁ፤ ቡና የምንቆላው በረንዳ ላይ እንደሆነ፣ ዕጣንም የወፏ ክፍል በሩ ተዘግቶ አልፎ አልፎ እንደሚጨስ አስረዳሁት።

ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቅን። በመጨረሻ ረዳቱ የወርቄን መያዣ ሣጥን በፎጣ ሸፍኖ ይዞ ወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ሐኪሟ ልታነጋግረን ነው ብዬ ተነሣሁ፤ ሐኪሟ ግን አልመጣችም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊቷን አላየሁም። ረዳቱ የያዘውን ወረቀት እያየ «ሐኪማችን ወፎችን አታክምም፤ የወፍ ሐኪም ወዳለበት ቦታ እንድትወስዷት ትመክራለች» አለን። ለጊዜው የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። በስልክ የተባልሁትን ስናገር እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ስልኩን ያነሣው ሰው ዛሬ ተረኛዋ ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር» ብላ መለሰችልኝ። ራጁ ምን እንዳሳየ ጠየቅሁ፤ ራጅ አልተነሣም። ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ሲደረግላት ነበር ብዬ ስጠይቅ «በክትትል ላይ ነበረች» ተባልሁ። ከዚያም እንግዳ ተቀባይዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፈገግ አለችና «መልካም ዜና አለ፤ ካስያዙት 640 ዶላር ላይ 27 ዶላር ወደ ካርድዎ ይመለሳል» አለችኝ።

ልጄ የሣጥኑን ፎጣ ገልጣ ታለቅስ ነበር። እጄን ከትቼ የወርቄን እግሮች ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጄን እያየች፣ የምታጽናናት በሚመስል ድምፅ «እንዲህ ያለች ወፍ እኮ መደብር ውስጥ ከዚህ ሒሳብ በጣም ባነሰ ዋጋ ታገኛላችሁ» ስትል ከጀርባዋ የቆመው ረዳት ሳቀ። ይህን የተናገሩት ለምታለቅስ ልጅ ነው፤ የወፏ ዋጋ ትንሽ መሆኑን የሚያውቁ ከሆነም 640 ዶላሩን ሲቀበሉ ያውቁት ነበር።

ደረሰኙን ያነበብሁት መኪና ውስጥ ገብቼ ነው። የድንገተኛ ምርመራ 145፣ ኦክስጅን 180፣ ማቆያ 220፣ የአንቲባዮቲክ መርፌ 68፣ በድምሩ 613 ዶላር ይላል። ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ ግን ክብደት በሚለው ሣጥን ውስጥ «0.0 ፓውንድ» ተብሎ መጻፉ ነው። ወርቄን የመዘኗት በውሻ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑም እንደሌለች ቆጥሯታል። የወፍ መድኃኒት መጠን የሚሰላው በግራም ከተለካ ክብደት ነው፤ መቶ ግራም በማይሞላ አካል ላይ የሚሠራ ስሕተት ማካካሻ የለውም። ወፍ የሚያክም ቦታ ሁሉ የግራም ሚዛን አለው፤ ልጄ እንኳ አላት። ክብደቷን የማያውቁትን ፍጡር በመርፌ የወጉት በምን ስሌት እንደሆነ ብጠይቅም እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

በመሰናበቻው ወረቀት ላይ ደግሞ «ባለቤቱ ቤት ውስጥ ዕጣን ያጨሳል፤ የመተንፈሻ ችግሩ ከጭስ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ጭስ ወፍን እንደሚጎዳ አልክድም። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር ተያይዞ አየርን ከእኛ ይልቅ አጥብቆ ስለሚጠቀም መርዙንም በዚያው ልክ ይቀበላል፤ በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ መርዛማ ጋዝን ለመለየት የካናሪ ወፎች ያገለግሉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ምግብ እንዳይዝ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻም ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ቡና በእንዲህ ያለ መጥበሻ የምትቆሉ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ነገር ግን ምርመራ ሳያደርጉ፣ ራጅ ሳያነሡ፣ የተናገርሁትን የዕንቁላል ጉዳይ ትተው ዕጣኑን ብቻ መርጠው መጻፋቸው ጥፋቱን በባህላችን ላይ ለማላከክ የተደረገ ነው። በቅንነት የሰጠሁትን መልስ መሸሸጊያ አደረጉት፤ ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጥለኛል።

ሜሪላንድ የደረስነው በእኩለ ሌሊት ነው። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም በመጀመሪያ ያደረገችው ወርቄን በግራም ሚዛን መመዘን ነበር፤ ቀጥላም ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሞቃትና እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ አስገባቻት። ስትይዛት ጭንቅላቷን ደገፍ አድርጋ ደረቷን ነጻ ተወችው፤ ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለሌላት የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን በማንቀሳቀስ ነው፤ ደረቷን የጨበጣት ሰው ሊያፍናት ይችላል። የመጀመሪያው ክሊኒክ ረዳት ወደ ውስጥ ሲወስዳት መላ ደረቷን በጡጫው ጨብጦ ነበር፤ ስናገረው «ሥራችንን እናውቃለን» ብሎኝ ነበር። ራጁ ተነሣ፤ ዕንቁላሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ካልሲየምና ፈሳሽ በመርፌ ተሰጣት። ሐኪሟ ይህ ሕክምና በጊዜው ሲጀመር ብዙ ወፎች ዕንቁላሉን ራሳቸው እንደሚጥሉ፣ ወርቄ ግን እጅግ ተዳክማ እንደደረሰች ሳትሸሽግ ነገረችን። እሑድ ጠዋት ሞተች። የዚህኛው ሆስፒታል ሒሳብ ከመጀመሪያው ያነሰ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ሳንቲም ግን ሳልቆጭ ከፍያለሁ፤ የተከፈለበት ሥራ ተሠርቷልና።

«ለአንዲት ወፍ ይህን ያህል?» የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወፏን ማሳከም ወይም አለማሳከም የየቤተሰቡ ውሳኔ ነው፤ እኛ ለማሳከም ወስነን ከፍለናል። ክሊኒኩ አቅም እንደሌለው እያወቀ ክፍያውን መቀበሉ ግን በማንኛውም ሚዛን ማታለል ነው። ሐኪሟ ወፍ አለማከሟን ያወቀችው ከሦስት ሰዓት በኋላ አይደለም፤ ወርቄ በሩን ከመግባቷ በፊት ታውቀው ነበር። በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም የፈለገውን የእንስሳ ዓይነት እንዲያክም ሕጉ ስለማይከለክለው፣ በመስታወቱ ላይ የበቀቀን ሥዕል ለመለጠፍ አንዳች ተጨማሪ ሥልጠና አያስፈልግም። ሥዕሉ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

ምክሬ አጭር ነው። እንስሳችሁ ሳይታመም ዛሬውኑ ሁለት ቦታ አዘጋጁ፤ አንዱ ለሥራ ቀን፣ ሌላው ለሌሊትና ለእሑድ ይሁን። ከአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ቦርድ፣ በምሕጻሩ ኤቢቪፒ፣ በአእዋፍ ሕክምና የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ ያለው ሐኪም ብታገኙ ይመረጣል፤ የአእዋፍ ሐኪሞች ማኅበር አባላትንም ከማኅበሩ ድረ ገጽ መፈለግ ይቻላል፤ አባልነት ግን ብቻውን የስፔሻሊስትነት ማስረጃ አይደለም። ስትደውሉ የተረኛውን ሐኪም ስም፣ ወፍ ያክም እንደሆነና የግራም ሚዛን እንዳላቸው ጠይቁ፤ ሐኪሙን ሳታነጋግሩ እንስሳው ወደ ውስጥ እንዲወሰድ አትፍቀዱ። የደረሰባችሁ ደግሞ የሕክምና መዝገቡን ሙሉ ቅጂ ጠይቃችሁ በቨርጂኒያ ለእንስሳት ሕክምና ቦርድ፣ በሜሪላንድ በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር ላለው የእንስሳት ሐኪሞች መርማሪ ቦርድ አቤቱታ አቅርቡ። በክሬዲት ካርድ የተከፈለ ከሆነም ክፍያው የታየበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርድ ሰጪው ባንክ በጽሑፍ መከራከር ትችላላችሁ፤ እኔም ደብዳቤውን ሰኞ ዕለት ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ልኬያለሁ።