ኮፐንሃገን ለምትሄዱ ሁሉ፦ አንዲት አስጎብኚ ልጠቁማችሁ፣ በዚያውም ላመስግናት

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ኮፐንሃገን ላስጎበኘችን አንዲት እህት ምስጋናዬን ለማድረስ ነው፤ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁም እንድታውቋት። ሙያዋ አርክቴክቸር ነው። ከሥራዋ በሚተርፋት ጊዜ ሐበሻ እንግዶችን በአማርኛ ታስጎበኛለች። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ።

የምኖረው ስዊድን፣ ማልሞ ነው፤ ኮፐንሃገን በባቡር ድልድዩን ተሻግሮ የሚደረስ ጎረቤት ነው። ዘንድሮ አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ የሰው አጥር ባዩ ቁጥር ጠማማነቱን በዓይናቸው ይለካሉ። እሳቸውን የባሕር ልጃገረዷ ሐውልት ፊት አቁሞ ፎቶ ማንሳት የትም አያደርስም። ለአስጎብኚዋ ደውዬ ይህንኑ ስነግራት፣ «አባባ ጡብ ነው ድንጋይ የሚሠሩት የነበረው? ጉልበታቸውስ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በመልሴም መሠረት መንገዱን ለወጠችው። ብዙ ጊዜ የምታስጎበኘው በብስክሌት ነው። ለእኛ ግን በሜትሮና በወደብ አውቶቡስ አደረገችው። የወደብ አውቶቡስ የሚሏት በተራው የከተማ ትኬት የምትሳፈሩባት፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ቢጫ ጀልባ ናት።

የጀመርነው ከንጉሣዊው ቤተ መጻሕፍት አዲሱ ክፍል፣ «ጥቁሩ አልማዝ» ከሚሉት፣ በ1999 ከተከፈተው ሕንጻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ግራናይት ከዚምባብዌ የመጣ መሆኑን ስትነግራቸው አባቴ መዳፋቸውን ለጥፈውበት ቆዩ። ከዚያ ሊለ ላንገብሮ የተባለውን የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ተሻግረን ኢስላንስ ብሩገ የወደብ መዋኛ ደረስን። መሐል ከተማ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ልብሱን አውልቆ ዘሎ ይገባል። ይህ ወደብ ዱሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር የከተማው ፍሳሽ ሞልቶ የሚገለበጥበት ነበር። ትርፉን ፍሳሽ የሚይዙ ማጠራቀሚያዎች ተሠሩና የመጀመሪያው መዋኛ በ2002 ተከፈተ። ዛሬም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውሃው ሊበከልና መዋኛው ሊዘጋ እንደሚችል አልደበቀችንም። አባቴ «እኛም እኮ ቀበና ዋኝተናል» አሉ። መቼ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

ለእኛ ዋናው ግን ኦሬስታድ የሚባለው ሰፈር ሆነ። ሜትሮው መጨረሻ ላይ፣ ቬስታማገር ወርዳችሁ ጥቂት ስትራመዱ «ሪሶርስ ሮውስ» የሚባሉ መኖሪያ ቤቶች ታገኛላችሁ፤ የሌንዳገር አርክቴክቶች ሥራ ናቸው። ግድግዳቸው ከሩቅ የተጣጣፈ ቡሉኮ ይመስላል፦ ካሬ ካሬ ሆኖ፣ አንዱ ቀላ፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ የአንዱ ጡብ በአግድም የሌላው በቁም። አባቴ ተጠግተው መገጣጠሚያውን በጥፍራቸው ፈቀፈቁትና «አሮጌ ጡብ ነው። ታዲያ አንድ በአንድ ለቅመው እንደገና አይገነቡትም ነበር? በቁራጭ መለጠፍ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» አሉ።

እሷም «አባባ፣ በኖራ የተገነባ ግድግዳ አፍርሰው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«ስንቱን! መዶሻውን ነካ ስታደርጊው ጡቡ ሙሉውን ይለቃል።»

«በሲሚንቶ የተገነባስ?»

«እሱማ ጡቡ ይሰበራል እንጂ ሲሚንቶው ንቅንቅ አይልም።»

«በቃ፣ መልሱን ራስዎ ሰጡኝ» ብላ ሳቀች። ጡቡ ከአሮጌው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ሕንጻዎች የመጣ ነው፤ የተያያዘበት ሲሚንቶ ከጡቡ ስለሚጠነክር መልቀም አልተቻለም። ስለዚህ ግድግዳውን በመጋዝ ካሬ ካሬ አድርገው ቆርጠው፣ ቁራጩን እንዳለ አዲሱ ቤት ላይ ሰቀሉት። ጡቡን ለማቃጠል የወጣው ነዳጅ አንዴ ወጥቷል፤ ሰባብሮ ለሙሌት መጣል ያንን ሁሉ መድፋት ነው አለችን። ከእንጨቱም ከፊሉ ከሜትሮው ግንባታ የተረፈ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁራጩ ከኋላ በምን እንደተያዘ፣ ብርድ በየት እንደሚገባ ሁለቱ ሲጠያየቁ እኔን ማንም አላስታወሰኝም። መጽሐፍ ሸምድዶ የሚያነበንብ አስጎብኚ ይህን ሁሉ ሰዓት ለአንድ ግድግዳ አይሰጥም።

ብዙም ሳይርቅ የአርክቴክቱ የቢያርከ ኢንግልስ ቢሮ የነደፈው፣ በ2010 ያለቀው ባለ 8 ቁጥር ቅርጽ ሕንጻ አለ። 476 ቤቶች ይዟል፣ ከመሬት እስከ 10ኛ ፎቅ በብስክሌት ይወጣል። ፎቶው በየቦታው ስላለ አላረዝምም። ይልቅ የወደድኩላት የሰፈሩን ጉድለት ፊት ለፊት መናገሯ ነው። ሕንጻዎቹ ሳይበዙ ሜትሮው ቀድሞ መግባቱ ጥሩ ነው፤ ግን መንገዶቹ ከልክ በላይ ሰፉ፣ ነፋሱ ይጋረፋል፣ ግብይቱ ወደ አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ስለተሰበሰበ መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ እንዲህ አለች። በተቃራኒው መሐል ከተማ ያለው ስትሮየት የሚባለው የገበያ መንገድ በ1962 ለመኪና ሲዘጋ ባለሱቆቹ «ገበያችን ሞተ» ብለው ጮኸው ነበር፤ ዛሬ ያንን መንገድ በትከሻ እየተጋፋችሁ ነው የምታልፉት።

በማግስቱ አማገር ባኬ ወሰደችን፤ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራትና ሙቀት የሚያመርት ፋብሪካ። ጣሪያው ላይ በ2019 የተከፈተ የበረዶ ሸርተቴ አለው፤ በረዶ ግን የለም፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። አባቴ ጭስ ማውጫውን ቀና ብለው አዩና «የእኛው የረጲው ዓይነት ነው በይኛ» አሉ። ለካስ ልጅቷ አዲስ አበባ ያለውን፣ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመርተውን የረጲን ፋብሪካም ታውቃለች። በ2018 ሲመረቅ ከአማካሪዎቹ አንዱ ራምቦል የተባለው የዴንማርክ የምሕንድስና ድርጅት እንደነበር ነገረችን። ልዩነቱንም አስረዳችን፦ ኮፐንሃገን ውስጥ 98 በመቶ ያህሉ ቤት የሚሞቀው በጋራ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው፤ ስለዚህ ከቃጠሎው የሚወጣው ሙቀት ገዢ አለው። አዲስ አበባ ቤት ማሞቂያ አትፈልግምና የሚሸጠው መብራቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የእኛ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊ ስለሆነ እርጥብ ነው፣ እንደልብ አይነድም። ይህን ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የእነሱንም ገመና አልሸፈነችም። ከተማዋ በ2025 ከካርቦን ነጻ እሆናለሁ ብላ ለዓለም አውጃ ነበር። እዚሁ ፋብሪካ ላይ ሊገጠም የታሰበው፣ ካርቦኑን ከጭሱ ለይቶ የሚይዝ መሣሪያ ገንዘብ ስላላገኘ፣ በ2022 ዕቅዱ በጊዜው እንደማይደርስ ከተማዋ ራሷ አመነች። ፋብሪካው ደግሞ ከከተማው ቆሻሻ በላይ ሰፍቶ ስለተሠራ ሆዱን ለመሙላት ከውጭ አገር ሳይቀር ቆሻሻ አስመጥቷል። ያንን አረንጓዴ ተራራ በአድናቆት ብቻ አይተን እንዳንወርድ ብላ ነው መሰለኝ።

የመጨረሻው ኦስተርብሮ ሰፈር ያለችው ቶሲንገ ፕላድስ ናት። ጁላይ 2 ቀን 2011 ኮፐንሃገን ላይ የወረደው ዶፍ ምድር ቤቱን ሁሉ አጥለቅልቆ ወደ 6 ቢሊዮን ክሮነር ጉዳት አድርሷል። ከዚያ በኋላ የተሠራች አደባባይ ናት፤ ዐይታችሁ «ትንሽ መናፈሻ» ብላችሁ ልታልፏት ትችላላችሁ። አስፋልቱን አንስተው መሬቱን አጎድጉደው ተክለውበታል፤ የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ ቱቦ መሄዱ ቀርቶ እዚያ ይሰርጋል። በብርዱ ወራት በረዶ እንዲያቀልጥ ጨው የሚነሰነስበት የመንገድ ውሃ ግን ሥሩን እንዳይገድል ለብቻው ነው የሚሄደው። የተገለበጠ ጃንጥላ የሚመስሉ ነገሮች ቆመዋል፣ ዝናብ መቀበያ ናቸው። ልጅቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ውሃው የትኛውን መስመር ይዞ እንደሚወርድ በጣቷ እየተከተለች ስታሳየን አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየን ነበር።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴን እንደ ሙያ ባልደረባሽ ስላነጋገርሻቸው ውለታሽ አለብኝ። አዲስ አበባ ተመልሰው ስለ ካርልስበርግ ጡብ ያልነገሩት የሰፈር ሰው የለም።

ለምትሄዱ ጥቂት ልጨምር። ፈጣን ተራማጅ ናት፤ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ከመነሻው ንገሯት፣ ደጋግማችሁም አስታውሷት። ምሳ በራሳችሁ ነው፣ ውድም ነው፤ እኛ ዳቦና ፍርፍር ቋጥረን ሄደን ወደቡ ዳር በላን፣ ማንም አልከለከለንም። የምትሠራው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ያዟት። በበጋም ቢሆን ነፋስ የሚከላከል ጃኬት አትርሱ። ልጆች ካሏችሁ ኖርድሃውን የሚባለው ሰፈር ያለውን፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ጣሪያ ላይ የተሠራውን መጫወቻ እንድትጨምርላችሁ ጠይቋት፤ እኛ አልደረስንበትም።