አሞራ ገደል ወይስ ሰነቴ?

የወፍ ፎቶ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ሐዋሳን ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግር ሥር መጥተው ይቆማሉ። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁን የበለጠ ያቀርባል) ይበቃል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይበዛል። ችግሩ ከወፉ ጀርባ ያለው ነው፦ ጀልባ፣ ፌስታል፣ የሰው እግር። ፎቶዬን ለጓደኞቼ ሳሳይ የመጀመሪያው አስተያየት ሁሌም "ዝቅ ብለህ አንሳ" ነው። እውነታቸውን ነው። በርከክ ብዬ በወፉ ዓይን ከፍታ ሳነሳ ጀርባው ሐይቁ ብቻ ይሆናል፤ ኮተቱ ሁሉ ይጠፋል። ሱሪ ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ሰነቴ ሌላ ዓለም ነው። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ወፉ ግን ሩቅ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለማንሳት ቢያንስ 400 ሚሊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ብርዱ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ አሙቁት። ከመኪና አትውረዱ፤ ሞተር አጥፍታችሁ በመስኮት አንሱ።

ከሰነቴ ስመለስ የሚሰጠኝ አስተያየት "ወፉ በጣም አነሰ" የሚል ነው። በዚህ አልስማማም። ዝይው ጅባራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሀል ትንሽ ሆኖ ሲታይ ደስ ይለኛል።