ማርክሲስት ፌሚኒዝም ወይስ ማቴሪያሊስት? ከወሎ ሆነን ስናየው

ፌሚኒዝም፣ ማለትም ለሴቶች እኩልነት የሚሟገተው አስተሳሰብ፣ ብዙ ዘርፍ አለው፣ ማርክሲስትና ማቴሪያሊስት የሚባሉት ሁለቱም የሴት ጭቆና ከሥራና ከንብረት ነው የሚነሳው ይላሉ፣ የሚጣሉት ተጠቃሚው ማነው የሚለው ላይ ነው። ማርክሲስቶቹ የካርል ማርክስ የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤንግልስ በፈረንጆቹ 1884 ካወጣው መጽሐፍ ተነስተው ጥፋቱን የግል ንብረት ላይ ያደርጉታል፣ ሴቷ ደሞዝተኛ ትሁን የቤት ሥራውም የማህበረሰቡ ይሁን ባይ ናቸው። ጥሩ፣ ግን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ውላ የገባችውን ልጅ ማታ ምጣዱ ይጠብቃታል እኮ!

ከማቴሪያሊስቶቹ ፈረንሳዊቷ ክሪስቲን ዴልፊ በፈረንጆቹ 1970 የጻፈችው እዚህ ጋ ነው የሚገባኝ፣ ቤት ውስጥ ራሱን የቻለ የምርት ሥርዓት አለ፣ የሚስትን ጉልበት በነፃ የሚወስደውም ባልየው ነው ትላለች። የገበሬ ሚስቶችንም በምሳሌነት አንስታለች፣ እና ለወሎ ገጠር ይሄ ሩቅ አይደለም፣ ስታርም ስታበጥር ከርማ ገበያ የወጣው ጤፍ ግን የሱ ነው የሚባለው። ደሴ ላይ እንጀራ ጋግራ ብትሸጥ ሥራ ነው፣ ያንኑ ለባሏ ብትጋግር ግን ቤት ነው የምትውለው ይሏታል፣ ሥራው ያው ነው፣ ለውጡ ያለው ጋብቻው ላይ ነው።

ከማርክሲስቶቹ ወገን የሆኑት ሚሼል ባሬትና ሜሪ ማኪንቶሽ በፈረንጆቹ 1979 ዴልፊ ሚስትነት ላይ ብቻ አተኩራ እናትነትን ዘለለችው ብለው ተችተዋታል፣ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ያም ሆኖ ገጠሩን ለመረዳት ወደ ዴልፊ አደላለሁ፣ የፋብሪካዋን ልጅ ደሞዝ የሚያሳንሰው ግን ባል ስላልሆነ ማርክሲስቶቹንም መተው አልችልም።