መታጠፊያ ላይ ነዳጅ የሚቋረጥባት መኪናዬን ላዳኑልኝ በያጅ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ሥራቸው በደንብ እስኪፈተን ብዬ ነው የጠበቅኩት። አሁን ተፈትኗል።

ለሦስት ዓመት ማታ ማታ እየሠራሁ በገዛ እጄ የገጣጠምኳት የስፖርት መኪና አለችኝ። ቅርጿ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችውን ሎተስ ሰቨን ይመስላል። ጣሪያ የላትም፣ ክብደቷ ቀላል ነው፣ ሞተሯ 150 የፈረስ ጉልበት አለው። ቀጥ ባለ መንገድ እንከን አይወጣላትም ነበር። ረጅም የግራ መታጠፊያ ውስጥ ስገባ ግን ሞተሩ ይንተፋተፍና ጉልበቱ ጥፍት ይላል። መሪውን ሳቃና ድንገት ይመለሳል። መታጠፊያ መሃል ላይ ጉልበት ሄዶ ሲመጣ የኋላ ጎማ ያመልጣል። ሁለት ጊዜ ልቤ ቀጥ ብላለች።

ፓምፕ ቀየርኩ። ፊልትሮ ቀየርኩ። ካንዴላ ቀየርኩ። አንድ ጋራዥ ደግሞ «ኮምፒውተሩ ነው» ብሎ ብዙ ገንዘብ አስወጣኝ። ምንም ለውጥ የለም።

በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ አሉሚኒየምና ላሜራ ወደሚበይዱ ሰው ወሰደኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱኝም። «በቀኝ ስትታጠፍስ ታደርገዋለች? ታንኩ ሙሉ ሲሆንስ? ከታጠፍክ ስንት ሰከንድ ቆይታ ነው?» አሉኝ። በቀኝ አታደርገውም። ሙሉ ሲሆንም አታደርገውም። ሩብ ሲደርስ ነው የሚብሰው።

ከዚያ አንድ ነጭ ጀሪካን አነሱ። ሩቡን ውሃ ሞሉት፣ በአንዱ ጥግ ቀጭን ቱቦ ከተቱ፣ ወደ ጎን ወዘወዙት። ውሃው ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። የቱቦው አፍ አየር ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ፓምፕህ ጤነኛ ነው። አየር እያጠጣኸው ነው» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከመኪናዋ ክብደት ጋር እኩል ሲሆን፣ ታንክ ውስጥ ያለው ቤንዚን 45 ዲግሪ ያዘነብላል። የኔ ታንክ መምጠጫ (ፓምፑ ቤንዚን የሚስብበት አፍ) በግራ በኩል ስለነበር በግራ መታጠፊያ ባዶውን ይቀራል። ፓምፑ አየር ሲስብ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል። በሙሉ ጉልበት ላይ እንዲህ ሲደጋገም ፒስቶን እስከማቃጠል ይደርሳል። ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ ነድቻታለሁ፣ አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ታንኩን ወዲያው እንዲበይዱልኝ ፈልጌ ነበር። እምቢ አሉ። ቤንዚን የነበረበት ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፣ የሚፈነዳው ጋዙ ነው አሉኝ። ደጋግመው በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡት፣ ክፍቱን አሳደሩት፣ ሲበይዱም ውስጡን አርጎን የሚባል የማይቀጣጠል ጋዝ ሞሉት። እባካችሁ፣ ይህን ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው።

ውስጡን በላሜራ ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ላሜራ ታች ጥጉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ያልፋል እንጂ ባንዴ አይገለበጥም። የመምጠጫውን ዙሪያ ደግሞ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ በሮች ባሉት ሳጥን አጠሩት።

እኔን የገረመኝ ግን ከዋናው ሌላ የጨመሩልኝ ትንሿ ታንክ ናት። ሁለት ሊትር ትይዛለች፣ ቀጭንና ረጅም ናት። አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከዋናው ታንክ እየቀዳ ይሞላታል። ዋናው ፓምፕ ከሥሯ ይስባል። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚን ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚተርፈው ወደ እሷው ይመለሳል። አየሩና ትርፉ ከአናቷ ወጥቶ ወደ ዋናው ታንክ ይሄዳል። እኔ እንኳ «ሁለት ሊትር ምን ትሠራለች?» ብዬ ነበር። ጋሼ ወረቀት ላይ አሰሉልኝ። እንደኔ ያለ ሞተር እስከ መጨረሻው ተረግጦ በሰዓት ወደ 45 ሊትር ይጠጣል። ሁለት ሊትር ማለት እንግዲህ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ነው። መታጠፊያው አሥር ሰከንድ አይሞላም!

ስንጨርስ ሌላም ነገር አዩልኝ። የታንኩ መተንፈሻ ቱቦ ታጥፎ ነበር፣ አቃኑት። የፓምፑም ሽቦ ቀጭን ስለነበር በወፍራም ቀይረው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ጨመሩበት። ለነዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁኝም።

የመጨረሻውን ፈተና አብረን ነው ያደረግነው፣ ለውድድር በተዘጋ ሜዳ ላይ። ታንኩን ሆን ብለን ሩብ አስቀረነው። አጠገቤ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከግፊት መለኪያው አልነቀሉም። በፊት በዚያው ዓይነት መታጠፊያ ከአንድ ባር በታች ይወርድ የነበረው መርፌ ሦስት ባር ላይ ተተክሎ ቀረ። በጣታቸው «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በስድስተኛው ዙር ነው የሳቁት።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ነድቻታለሁ። አንድም ጊዜ አልተንተፋተፈችም።

ስልካቸውን ሳላስፈቅዳቸው እዚህ አልለጥፍም። መኪናው መታጠፊያ ላይ የሚያስቸግረው ወይም ታንክ ማሠራት የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ ችግሩ መቼ መቼ እንደሚመጣ በደንብ አስተውላችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።