በስልክ ብቻ ሒሳብ መማር ለምትፈልጉ እህቶች፤ ቲቸርን ላስተዋውቃችሁ

ሰላም እህቶቼ። የምጽፍላችሁ ከዱባይ ነው። ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮምፒውተር የለኝም፣ ያለችኝ አንዲት ስልክ ናት። በዚያች ስልክ ባለፉት ስምንት ወራት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተማርኩ፤ ያስተማረችኝን ልጅ ሳላመሰግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች እኛ እንደምንጠራት ቲቸር እላታለሁ። የምትኖረው ሐዋሳ ነው። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ማታ ማታ በቴሌግራም እኛን ታስተምራለች።

ከሷ በፊት ሌላ ቦታ ከፍዬ ነበር። ስማቸውን አልጠራም። የአንድ ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ይልካሉ፣ ከዚያ ደግሞ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ የማይታይ ፒዲኤፍ። ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት፤ ለምን ቀረሽ ያለኝ ሰው የለም። ትምህርት የማይገባኝ ሰው ነኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ ያመንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቲቸር መጀመሪያ የጠየቀችን ከሥራ እጃችን የሚያርፈው ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። ትምህርቱ ሲጀመር በቀጥታ ድምፅ ነበር። ሪያድ፣ ጅዳና ኩዌት ያሉት ሰዓታቸው ከአገር ቤት ጋር እኩል ነው፣ የኛ ግን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ሰዓቱስ ይሁን፣ እዚህ በዋትሳፕ መደወል እንደማይሠራ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የቴሌግራሙም የቀጥታ ድምፅ እምቢ አለን። ከዱባይ ሦስት ብቻ ነበርን። ለሦስት ሰው ብላ አሠራሩን በሙሉ ቀየረችው።

አሁን ትምህርቱ በተቀዳ ድምፅ ነው የሚመጣው። አንዱ ድምፅ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ በውስጡም አንድ ነገር ብቻ ይዟል። ካርድ አይጨርስም። ሁሉም ቁጥር አለው፣ ዝርዝሩ ከላይ ፒን ተደርጓል፣ ስለዚህ የትኛው ላይ እንደቆማችሁ አይጠፋችሁም። እኔ ልብስ ስተኩስ በኤርፎን እሰማለሁ፣ ማዳም ከተኛች በኋላ ደብተሬን አውጥቼ እሠራና ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

አነጋገሯ ደግሞ የኛው ነው። የእርጅና ቅናሽ የሚባለውን ነገር በእንጀራ ምጣድ ነው ያስረዳችን። ምጣዱን በ10,000 ብር ገዝተሽ አምስት ዓመት ቢያገለግልሽ፣ በየዓመቱ 2,000 ብሩን እየበላሽው ነው፤ እሱን ሳትቀንሺ አተረፍኩ ካልሽ ምጣዱ ሲበላሽ መግዣ ታጫለሽ አለችን። ከዚያ በኋላ ማን ይረሳዋል?

መልመጃው በቴሌግራም የጥያቄ ምርጫ ነው የሚመጣው፣ ማን ምን እንደመለሰ አይታይም። ብዙ ሰው የተሳሳተበትን ጥያቄ ስታይ ማንንም ሳትጠቅስ እንደገና ታስረዳለች። መጻፍ የሚከብደው በድምፅ ይጠይቃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የሚጽፍም ይጽፋል። በጠየቀ ሰው ላይ የሳቀ ግን ከግሩፑ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ስታስወጣ አይቻለሁ።

ግን ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ሌላ ነው። አምስት አምስት አድርጋ መድባናለች፣ ከአምስታችን አንዷ ከጠፋች የቀሩት መጠየቅ አለባቸው። ዘንድሮ በረመዳን ሥራው በዛብኝ። ቀን ጽዳት፣ ማታ እንግዳ፣ ሌሊት ደግሞ የሱሁር ምግብ፣ ስልኬን የማይበት ጊዜ እንኳ አልነበረኝም። ለ11 ቀን ጠፋሁ። ስከፍተው ኩዌት ያለችው ጓደኛዬ አራት ጊዜ ጽፋልኛለች። የቲቸርም ድምፅ አለ። “ትምህርቱ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሻል። አንቺ ግን ደህና ነሽ ወይ?” ትላለች። እዚያው ኩሽና ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ አገር ደህና ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አይደለም።

ምን አተረፍሽ ለምትሉኝ፣ በላክሁት ገንዘብ ወንድሜ ደሴ ላይ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ሁሌ ይሸጣል፣ ሁሌ ገንዘብ የለም። እንጣላ ነበር። አሁን የየቀኑን ሽያጭ ደብተር ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ እኔ በስልኬ ጎግል ሺትስ ላይ እመዘግባለሁ። በሁለተኛው ወር ገንዘቡ የት እንዳለ አገኘነው፦ ዱቤ ነው። ወንድሜን በከንቱ ስጠረጥረው ኖሬያለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የቤት ሥራ ላይ ጥብቅ ናት፣ እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እሁድም አትመልስም፣ የቤተሰቧ ቀን ነው። ክፍያው በወር 500 ብር ነው፣ የመጀመሪያውን ወር አታስከፍልም። ቴሌግራም ያለው ስልክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃችኋል። አዲሱ ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ቲቸርዬ፣ ይህን ካየሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የየካቲት ሒሳብ ዛሬ ማታ ይደርስሻል፣ የዱቤውን ገጽ ለብቻው አድርጌዋለሁ።