«ዘይቱ አዲስ ነው» ስላሏችሁ የጀልባ ሞተር እንዳትገዙ

ሰላም ወገኖች። ወሎ ውስጥ በሐይቅም ሆነ በአርዲቦ ሐይቅ ላይ በጀልባ ለምትሠሩ፣ ያገለገለ ሞተር ልትገዙ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። የእኔ ገንዘብ ሄዷል፤ የእናንተ እንዳይሄድ።

ከ2 ወር በፊት ከወንድሜ ጋር የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ላይ አንድ አሮጌ ጆንሰን የሚባል ሞተር ገዛን። ባለ 9.9 ፈረስ ጉልበት ነው፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ፣ ጀልባው ኋላ ላይ የሚታሰረው ዓይነት። ሞተሩን አልወቅስም፣ ጠንካራ ዕቃ ነው። ሻጩ በርሜል ውሃ ሞልቶ አስነሳልን። ገመዱን አንዴ ሲስበው ተነሳ። ከዚያ ከታች ፕሮፔለሩ ጋ ያለውን የካምቢዮውን (የማርሽ ቤቱን) የታች ቡሎን ላላ አደረገና ዘይቱን ጣቱ ላይ ጠብ አድርጎ አሳየን። ማር ይመስላል። «አብሽሩ፣ ትናንት ነው ሰርቪስ የተደረገው፣ ዘይቱ አዲስ ነው» አለን። ያንን ዘይት አይተን 80 ሺህ ብር ቆጠርንለት።

በ3ኛው ቀን መረብ ጥለን ስንመለስ ከታች ድምፅ መጣ። ጠጠር የገባበት ወፍጮ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ የፊት ማርሹ እየዘለለ ይወጣ ጀመር። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን ንቅንቅ አይልም። እስከ ዳር በመቅዘፊያ መጣን። የወንድሜ መዳፍ ተላጠ።

ማታ ቡሎኑን ፈታሁት። መጀመሪያ ንጹህ ውሃ ወጣ። ከኋላው ማኪያቶ የመሰለ ነጭ ዘይት ተከተለ። የካምቢዮ ዘይት እንደዚያ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ደሴ ወስጄ አንድ የቆዩ መካኒክ ፈቱልኝ። ፕሮፔለሩ ሲወልቅ ዘንጉ ላይ የመረብ ናይለን ተጠምጥሞ፣ ውሃ የሚያግደውን ጎማ፣ ሲሉን፣ ቆርጦት አገኘን። ቡሎኖቹ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) የላቸውም፤ በምትኩ ሲሊኮን ተቀብተዋል። ኩሽኔታው ዝጓል። ከላይ የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ጥርስ ፊቷ ሁሉ ተቦርቡሯል። መካኒኩ በጥፍራቸው ዳሰሷትና «ልጄ፣ ይሄ የ3 ቀን ዝገት አይደለም» አሉኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ነጩን ዘይት ደፍቶ አዲስ ሞልቶ ነው የሸጠልን። ይሄ ካምቢዮ የሚይዘው ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ያችን ታህል ዘይት ቀይሮ ነው የእኛን ላብ የበላው።

ስለዚህ አሮጌ ሞተር ላይ የሚያበራ ዘይት ካያችሁ ምንም አልነገራችሁም። እንዲያውም ጠርጥሩ። በርሜል ውስጥ 5 ደቂቃ ማስነሳት አይበቃም። ሻጩ ካመነበት ሐይቅ ላይ ወስዳችሁ ጭነት አስይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ንዱት፤ ወደፊትም ወደኋላም አስገቡት። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ አሳድሩት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ጠዋት የታችኛውን ቡሎን ትንሽ ስታላሉት ውሃ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ብዙዎቹ ቡሎኖች ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው። እዚያ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብረት ቢኖር አትደንግጡ። ስባሪ ካለ ግን ጥላችሁ ውጡ።

ጥንቃቄ፦ አንዳንድ የቆዩ ጆንሰኖች ላይ ከዘይቱ ቡሎን አጠገብ የመስቀል ካቻቪቴ የሚገባባት ሌላ ቪቴ አለች። የማርሹን መቀየሪያ የያዘች ናት፣ እንዳትፈቷት።

የተሻለው ምርመራ በአየር ነው። ዘይቱ ተደፍቶ በአንዱ ቀዳዳ አየር ይሞላል፤ ወደ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ከዚያ ብዙ ማለፍ ራሱ ሲሉን ይጎዳል። ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ከወረደ ያፈሳል። የሳሙና ውሃ ስትቀቡት በየት እንደሚያፈስ አረፋው ያሳያችኋል። ጌጅ ያለው ጎሚስታ ጋር፣ ለቀዳዳው የሚሆን መግጠሚያ ካገኛችሁ፣ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

ሞተር ያላችሁ ደግሞ ዘይቱን በ100 ሰዓት ሥራ፣ ካልሆነም በዓመት አንዴ ቀይሩ። 80ደብልዩ90 የጀልባ ካምቢዮ ዘይት ነው የሚገባው። የሚሞላው ከታች ነው፣ አየሩ በላይኛው ቀዳዳ እንዲወጣ። ከላይ መፍሰስ ሲጀምር መጀመሪያ የላይኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን ዝጉ። ጓርኒሲዮኑን ሁልጊዜ ቀይሩ። ፕሮፔለሩን ቶሎ ቶሎ እያወለቃችሁ ክር ካለ አጽዱ። የሲል ጎማ ርካሽ ነው፤ አሮጌውን ይዛችሁ ኩሽኔታ ሱቅ ብትሄዱ ልኩ ሊገኝ ይችላል።

ጥርስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ቶርኖ ቤት «በብየዳ ሞልተን እንሞርደዋለን» ብለውኝ ነበር። መካኒኩ ከለከሉኝ፤ ጥርሱ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ብየዳው ያለሰልሰዋል፣ ጭነት ሲመጣ ይሰበራል። የጆንሰን እህት የሆነው ኤቪንሩድም በፈረንጆቹ 2020 መመረቱ ቆሟል። ስለዚህ የቀረው ጥርሱን ከሌላ አሮጌ ሞተር መፍታት ነው። እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ሻጩ ጋር ተመልሼ ሄጃለሁ። «አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ስልኬንም አያነሳም። ግቢው ውስጥ ሌሎች 2 ሞተሮች ታጥበው፣ ቀለም ተቀብተው ቆመዋል። አንዱን ካሳዩአችሁ፣ ከውስጡ የወጣው አሮጌ ዘይት የት እንዳለ ጠይቁልኝ።